እናቶችን በወሊድ ጊዜ ከሞት ስለ ማዳን

አገር የሚጸናው እናት በሰላም ስትገላገልና ሕፃኑም በጤና ሲያድግ መሆኑን አስተዋይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ዕውቀቱ በሥራ ካልተገለጸ በምጥ ላይ ላለችው ሴት ምንም አይጠቅማትም። ስለዚህ በምዕራብ አፍሪቃ ያለችው ሴራ ሊዮን በዚህ ጉዳይ የሠራችውንና የደረሰባትን መመልከት ለሹማምንትም ለካህናትም ትምህርት የሚሰጥ መስሎ ስለ ታየን ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን። ዘመኑንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አድርገነዋል።

ሴራ ሊዮን ከ1991 እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በእርስ በርስ ጦርነት ተጐድታ ሐኪም ቤቶቿ ስለ ፈረሱ፥ ሐኪሞቿም ስለ ተሰደዱ፥ እናቶች በወሊድ ምክንያት እጅግ ከሚሞቱባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ሆና ነበር። በዚያም ላይ ነፍሰ ጡር ለሕክምና ስትሄድ ገንዘብ ትጠየቅ ነበርና ድኻይቱ ከቤቷ ሳትወጣ ትቀር ነበር። ይህን ለማስቀረት ፕሬዚዳንት ኧርነስት ባይ ኮሮማ በ2010 ዓ.ም. አፕሪል 27 ቀን፥ የአገሩ የነጻነት በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ ነፍሰ ጡሮች፥ የሚያጠቡ እናቶችና ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ያለ ዋጋ እንዲታከሙ አደረጉ። ወዲያውም ሕፃን ያዘሉ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ጐረፉ።

ሆኖም ትእዛዝ ብቻውን በሽተኛ አይፈውስም። በብዙ ስፍራ መድኃኒቱ ከመጋዘን ታጣ፤ ነጻ ነው በተባለውም ሕክምና ላይ በስውር ገንዘብ ሲጠየቅ ታየ። የሥራው ወጪም አብዛኛው ከውጭ አገር በሚመጣ ርዳታ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በሰው ገንዘብ የቆመ ሥራም ሰጪው እጁን በሰበሰበ ጊዜ መናወጡ አይቀርም። ይህን ጉዳይ የመረመሩ ሊቃውንት እናትን የሚገድሏት ሦስት መዘግየቶች ናቸው ይላሉ፤ መጀመሪያው ወደ ሐኪም ለመሄድ በመቍረጥ፥ ሁለተኛው በመንገድ፥ ሦስተኛው ከሐኪም ቤት ደርሶ ርዳታ በማግኘት ያለው መዘግየት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚገድል ስለ ሆነ፥ ዋጋው ቢቀር እንኳ መንገዱ ካልተጠረገ፥ አዋላጇም ካልተገኘች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኢቦላ ወረርሽኝ መጣ። በጊኒ፥ በላይቤሪያና በሴራ ሊዮን ከ11,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ውስጥ በኬኔማ ሐኪም ቤት በሽተኞችን ሲያክሙ የነበሩት ዶክተር ሼክ ዑመር ኻን አንዱ ናቸው። ደም መፍሰስ የዚያ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወላዷን ለመንካት ተፈራ፤ እርሷም በበኩሏ ሐኪም ቤቱን ፈራች። ሕዝቡ ከፍርሃቱ እንዲመለስና ሙታንን ያለ አደጋ እንዲቀብር በማስተማር የሃይማኖት አባቶች ትልቅ ሥራ ሠሩ፤ የሚታመን ሰው ቃል ከመድኃኒት የማያንስ መሆኑ በዚያን ጊዜ ተገለጠ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ድካሙ ያለ ፍሬ አልቀረም። በአገሩ በተደረገው የሕዝብ ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች በ2013 ዓ.ም. 1,165 ሲሆኑ በ2019 ዓ.ም. ወደ 717 ዝቅ ብለዋል። ቍጥሩ ገና የሚያሳዝን ቢሆንም መንገዱ ግን የቀና ነው። ደግሞም በ2023 ዓ.ም. የወጣው፥ ናይጄሪያን ጨምሮ በአራት የአፍሪቃ አገሮች የተደረገ ምርመራ እንዳስረዳው፥ የሚፈሰውን ደም ልክ ባለው የላስቲክ ጨርቅ ለክቶ ሕክምናውን ሁሉ ባንድነት መስጠት ብርቱውን የደም መፍሰስና ከእርሱ የሚመጣውን ጕዳት በ60 በመቶ ቀንሷል። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ትጋትና ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ሹም የሆነ ሰው የትእዛዙን መልካምነት በወረቀቱ ሳይሆን በሩቁ መንደር ባለው የመድኃኒት ሣጥን ሊመረምረው ይገባል። እያንዳንዷም እናት በሞተች ጊዜ ከሦስቱ መዘግየቶች በየትኛው እንደ ጠፋች ተጠይቆ ይጻፍ። ካህን የሆነም፥ በሰው ቸልተኝነት የመጣውን ሞት የአምላክ ፈቃድ ነው ብሎ ሕዝቡ እንዳያልፈው ያስተምር። መድኃኒቱና ብልሃቱ እያለ በመዘግየት የጠፋች ነፍስ ከሁላችንም እጅ የምትፈለግ ናትና።