«ድምፅ የለውም» ተብሎ መጋዘን የሚገባ ኮምፒውተር

በኢትዮጵያ አንድን የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከአገልግሎት ለማስወጣት ቦርዱ መቃጠል፣ ዲስኩ መበላሸት የለበትም። «ድምፅ የለውም» የምትል ሁለት ቃል ትበቃለች።

መንገዱ የታወቀ ነው። ሌላ ቦታ አሥር ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ በእርዳታ ይመጣል። አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ስለማይችል አንድ ደግ ሰው ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ይጭንበታል። ማሽኑ ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ቪዲዮ ይከፍታል። መምህሩ የቋንቋ ትምህርት ሊያሰማ ሲል ግን ዝም ይላል። ወዲያው ፍርዱ ይመጣል፦ «ሊኑክስ ነዋ! ሊኑክስ ላይ ድምፅ አይሠራም።» ከፍርዱ በኋላ ያለው ዕጣ ሁለት ነው። ወይ ፎርማት ተደርጎ ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ይጫንበታል፣ ወይ አቧራ ሊጠጣ መጋዘን ይገባል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ የግማሽ ቀን ችግር ነው። መርካቶ ወይም ቦሌ ወርዶ ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ሰቆጣ፣ ከዚያም አልፎ በዝቋላ፣ በአበርገሌ ወይም በጻግብጂ ላለ ትምህርት ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ «ድምፅ የለውም» የተባለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ፍለጋ የሚጓጓዝበት በጀት የለውም። በቃ ይቀራል።

የሚያናድደው ማሽኑ በአብዛኛው ጤነኛ መሆኑ ነው።

ሰበቡ ከየት መጣ?

ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ይህን ማመን ያስፈልጋል። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ፐልስኦዲዮ የተባለውን የድምፅ ሥርዓት ሲያስገባ ገና ያልበሰለ ነበር። ድምፅ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል፣ ማይክሮፎን እምቢ ይላል። በዚያ ዘመን ሊኑክስን የሞከረ ሰው ተማርሮ ቢሄድ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ዘመን አልፏል። ኡቡንቱ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ፓይፕዋየር ወደተባለው አዲስ ሥርዓት ተሻግሯል። የ2008 ቁስል ዛሬም እንደ ትኩስ የሚቆጠረው ማንም ዳግመኛ ስላልፈተሸ ነው።

ሌላው ምክንያት የአምራቾቹ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የድምፅ ደረጃ እያንዳንዱ አምራች ስፒከሩንና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያውን በፈለገው መንገድ እንዲያገናኝ ይፈቅዳል። ብዙዎቹ አምራቾች ዕቃቸውን የፈተሹት በዊንዶውስ ብቻ ነው። ስለዚህ የሊኑክስ ሠሪዎች «ይህ ሞዴል ስፒከሩ እዚህ ጋ ነው፣ ያኛው ደግሞ እዚያ ጋ ነው» እያሉ ረጅም ዝርዝር በእጃቸው መጻፍ ነበረባቸው። ያረጀ ኮምፒውተር እዚህ ላይ አንድ ዕድል አለው፤ ዕድሜ ስላለው ችግሩ ቀድሞ ታውቆ ዝርዝሩ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዛሬ በሊኑክስ ድምፅ የሚያስቸግረው ከአሮጌው ይልቅ በቅርቡ የወጣው ላፕቶፕ መሆኑ የተለመደ ነው።

እንዲያውም ታሪኩ ራሱ ያስተምራል። የሊኑክስ ድምፅ የቆመበት መሠረት አልሳ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ያሮስላቭ ኪሴላ የተባለ የቼክ ሰው ሥራውን የጀመረው ግራቪስ አልትራሳውንድ የተባለ የድምፅ ካርድ በሊኑክስ ላይ በቅጡ ስላልሠራ ነበር። ካርዱን ከመጣል ድራይቨሩን መጻፍ መረጠ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ሁሉ የሚሰማው ከዚያ ምርጫ በወጣ ሥራ ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ድምፅ ሲጠፋ ስርዓተ ክወናውን መደብደብ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ይባላልና፣ የሚጠፋበት ቦታ ሲቆጠር ከአንድ እጅ ጣት ብዙም አይበልጥም።

የመጀመሪያው መውጫው ነው። ብዙ ኮምፒውተር ሁለት የድምፅ መንገድ አለው፤ አንዱ ወደ ስፒከር፣ ሌላው በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ስክሪን ወይም ቴሌቪዥን። ሥርዓቱ ሁለተኛውን መርጦ ከሆነ ድምፁ ስፒከር ወደሌለው ስክሪን እየፈሰሰ ነው። በሴቲንግ ውስጥ ድምፅ የሚለውን ከፍቶ መውጫውን መቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው የተዘጋ ቧንቧ ነው። ከሚታየው የድምፅ መጨመሪያ በስተጀርባ አልሳሚክሰር የሚባል ሌላ መቆጣጠሪያ አለ። እዚያ ለማስተር፣ ለስፒከር፣ ለጆሮ ማዳመጫ ለየብቻ መክፈቻ ተሰጥቷቸዋል። ከሥራቸው ሁለት «ኤም» ፊደል ከታየ ተዘግተዋል ማለት ነው፤ ያንኑ ፊደል ከኪቦርዱ መጫን ይከፍተዋል። ካርዱ ሌላ ከሆነ «ኤፍ 6»ን ተጭኖ ትክክለኛውን መምረጥ ነው። ላይኛው መጨመሪያ መቶ በመቶ እያሳየ ታችኛው ተዘግቶ የተፈረደበት ማሽን ስንት ይሆን?

ሦስተኛው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ መሰኪያው ሲላላ ወይም አቧራ ሲገባበት፣ ማሽኑ ማዳመጫ የተሰካ ይመስለውና ስፒከሩን ራሱ ይዘጋል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ማዳመጫ ሰክቶ መስማት። በማዳመጫ ከተሰማ ካርዱም ሊኑክሱም ደህና ናቸው። መሰኪያውን ማጽዳት፣ ካልሆነም በአልሳሚክሰር ውስጥ «ኦቶ ሚውት» የሚለውን ማጥፋት ነው።

አራተኛው እንቅልፍ ነው። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ የድምፅ ቺፑን ያስተኛዋል። ሲነቃ «ጠቅ» ይልና የመጀመሪያዋን ድምፅ ይውጣታል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ባትሪ ላይ ሆኖ የንባብ ትምህርት ለሚያሰማ መምህር ይህ ቀልድ አይደለም። የየቃሉ መጀመሪያ ተውጦ ልጁ ምን ይማራል? ይህም የሚጠፋ ቅንብር ነው።

አምስተኛው ካርዱ ጨርሶ አለመታየቱ ነው። ያኔ ባዮስ ውስጥ ገብቶ የድምፅ ክፍሉ እንዳልተዘጋ ማየት፣ ፈርምዌር የሚባለው ፋይል እንዳልጎደለ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት በሌለበት ይህ ፋይል በፍላሽ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊኑክስ የሰጠው አንድ የፍርድ ሚዛን አለ። ሥርዓቱ ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሽ ይነሣል። በፍላሹ ድምፅ ከሰጠ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ቅንብሩ ነው። በፍላሹም ካልሰጠ፣ በማዳመጫም ካልተሰማ፣ ባዮሱም ክፍት ከሆነ ያኔ «ተበላሸ» ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የሚባል ሁሉ ግምት ነው።

በዋግ ድምፅ ማለት ምን ማለት ነው?

«ኮምፒውተር የሚገዛው ለጽሑፍ ነው፤ ድምፅ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ዋግ ኽምራን አያውቅም።

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ኽምጣጛ ይነገራል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎችም ይማሩበታል። ቋንቋው በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ በስሙ ውስጥ ያለችው «ጛ» እንኳ ብዙ አማርኛ አንባቢ በኪቦርዱ ላይ የት እንዳለች አያውቃትም። በጽሑፍ የተከማቸው ጥቂት፣ በአንደበት ያለው ግን እጅግ ብዙ ነው። ተረቱ፣ ምርቃቱ፣ ሽምግልናው፣ የእርሻውና የንቡ ዕውቀት ሁሉ በሽማግሌዎች ጉሮሮ ውስጥ ነው ያለው። የሚቀዳ፣ የሚደመጥ፣ ተቆርጦ ለክፍል የሚዘጋጅ ድምፅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ነጻ ሶፍትዌር በሊኑክስ ላይ ሞልቷል። ማይክሮፎኑና ስፒከሩ ከተዘጋ ግን ያ ሁሉ ከንቱ ነው።

አማርኛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ፊደሉ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» የተባለው በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው ያልደረሰው? የሚለየው ጆሮ ነው። አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው አድርጎ ለሚማር የዋግ ልጅ፣ ድምፅ የሌለው የቋንቋ ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው።

ዓይነ ስውር ተማሪስ? ለእርሱ ስክሪኑ ድምፁ ነው። ኦርካ የተባለው ስክሪን አንባቢ በሊኑክስ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ማንበቢያም ሻካራ ይሁን እንጂ አማርኛ ያነባል። በዊንዶውስም በሊኑክስም፣ ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር ለዚህ ተማሪ የጠፋ ኮምፒውተር ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ለጋሾች ከተጠያቂነት አያመልጡም። ሥነ ሥርዓቱ ላይ የሚነገረው የተላከው ኮምፒውተር ብዛት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚሠራ፣ ስንቱ እንደሚሰማ የሚቆጥር የለም። ኢትዮጵያ ይህን ፊልም አይታዋለች። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ተጥለቀለቁ፤ ቆይቶ ብዙዎቹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር መስታወት ሆኑ። ከጥቂት ዓመት በኋላም «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ፕሮጀክት በሊኑክስ የሚሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን በሺዎች አምጥቶ ነበር። የጎደለው በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፦ ጠጋኝ።

የክፍት ምንጭ ወዳጆችም አይዘለሉም። ሊኑክስ ጭኖ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ «ነጻነት ሰጠናችሁ» ብሎ መሄድ ነጻነት መስጠት አይደለም። ድምፁን ሳይፈትሽ የሄደ ሰው የሰጠው የቤት ሥራ ነው። «ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ» ማለትም ምክር አይደለም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቢኖርም መልሱ በእንግሊዝኛ፣ ከትእዛዝ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገኘው።

ከሁሉ የከፋው ግን የአይሲቲ ሥልጠናው ነው። ሰልጣኝ ወርድና ኤክሴል ተምሮ፣ ፎርማት ማድረግን እንደ ብቸኛ መድኃኒት ይዞ ይመረቃል። ራስ ምታት ላለበት ሁሉ ቀዶ ጥገና የሚያዝ ሐኪም ምን ይባላል? የኮምፒውተር ጥገና ግን ይህን ሐኪም በየዓመቱ እያስመረቀ ነው።

«ዊንዶውስ ይሻላል»፣ «ረሀብ ይቀድማል»

ሁለት መከራከሪያዎች አሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው «ዊንዶውስ ቢጫን ድምፁ ወዲያው ይሰማ ነበር» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ግን የትኛው ዊንዶውስ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽኖች የሌላቸውን የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የቀረው ምርጫ ክራክ ነው፤ ክራክ ደግሞ ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዘለለ የተማሪውን ማስታወሻ የሚበላበት ነው። ለድምፅ ተብሎ ሌላው ሁሉ ይሸጣል።

ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። «ዋግ ድርቅ ያለበት፣ በጦርነት ተቋማቱ የተዘረፉበት፣ ተፈናቃይ ያለበት አካባቢ ነው፤ አሁን ስለ ስፒከር ይወራል?» አዎ፣ ይወራል። የተዘረፈውን በአዲስ ለመተካት ገንዘብ በሌለበት፣ ያለውን ማዳን የመጀመሪያ ግዴታ ነው። የድሀ ቤት የሚቆመው በመጠገን ነው። እቃ መጣል የሚያምረው ሌላ የሚገዛበት ያለው ነው።

የሰቆጣ ስም በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ከታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ጋር በአገር ደረጃ ይነሣል። ያ ቃል የሚለካው በአዋጁ ድምቀት አይደለም፤ ልጁ ጋ በደረሰው ነው። የኮምፒውተር እርዳታም በዚሁ ሚዛን ይመዘን።

ስለዚህ

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ወደ ሰቆጣ የሚላክ ማንኛውም ኮምፒውተር ከመጫኑ በፊት በስፒከር፣ በማዳመጫና በማይክሮፎን ይፈተሽ፤ ያልተፈተሸውን ተቀባዩ አይፈርምለት። ከላይ የተቆጠሩት አምስት ፍተሻዎች በአንድ ወረቀት በአማርኛና በኽምጣጛ ታትመው በየኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። የሚነሣ ሊኑክስና ፈርምዌር ያለበት አንድ ፍላሽ በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ፎርማትን የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ እርምጃ አድርጎ ያስተምር። መጋዘን የገቡትም ወጥተው አንድ በአንድ ይታዩ።

ይህ ሁሉ ከአንድ አዲስ ላፕቶፕ ዋጋ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ «ድምፅ የለውም» የሚል ሰው አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ በፍላሽ አስነሥተህ፣ ማዳመጫ ሰክተህ ሰምተሃል? ካልሰማ ማሽኑ ላይ አይፍረድ።