ልጆችን ኤውሮፓ ለማሳየት ስለሚደረግ ሽር ጉድ

ልጅ አባቱ ከሚነግረው ቃል ይልቅ አባቱ ሲሠራ ከሚያየው ሥራ ይማራል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ነገር ግን የሽርሽር ነገር በተነሣ ጊዜ ይረሳዋል። ዛሬ በከተማችን ኑሮአቸው ጥቂት በተሻሻለ ቤተ ሰቦች ዘንድ፥ ልጆችን በክረምት ዕረፍት ኤውሮፓ ወስዶ ማሳየት የመልካም ወላጅነት ምልክት ሆኖ መቈጠር ጀምሯል። እኔ ይህን የምነቅፈው ኤውሮፓ ሊታይ የማይገባው አገር ስለ ሆነ አይደለም። የምነቅፈው የጉዞውን አዘገጃጀት ነው። ልጁ አውሮፕላን ከመሳፈሩ ብዙ ወራት አስቀድሞ፥ በቤት ውስጥ በሚደረገው ዝግጅት ትምህርቱን ጀምሮአል፤ ያም ትምህርት ብዙ ጊዜ ክፉ ነው።

እስኪ በኮልፌ ቀራንዮ፥ በአየር ጤና ወይም በቤቴል የሚኖር አንድ አባወራ እናስብ። ሚስት፥ የስምንት ዓመት ሴት ልጅና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አሉት። የጎረቤቱ ልጆች በፓሪስ ከኤፌል ግንብ ሥር ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ በስልክ አይቶ ልቡ ተነሣሣ እንበል። ወደ ሸንገን አገሮች ለመግባት የሚከፈለው የቪዛ ዋጋ፥ ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ለዐዋቂ 90 ዩሮ፥ ስድስት ዓመት ሞልቶት ዐሥራ ሁለት ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ሆኗል፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይከፍልም። ስለዚህ ይህ አባወራ ለማመልከቻ ብቻ 225 ዩሮ ይከፍላል፤ ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስለትም። ከዚህ ሌላ ቢያንስ እስከ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን፥ የማደሪያ ማረጋገጫና የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይጠየቃል። የኤውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባደረገው ውሳኔ ደግሞ፥ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያም ላይ የኛ ክረምት ለእነርሱ በጋ ስለ ሆነና የኤውሮፓ ቤተ ሰብ ሁሉ የሚዝናናው በዚያው ወራት ስለ ሆነ፥ ቲኬቱም ሆቴሉም የሚወደደው ያን ጊዜ ነው።

አባወራው ይህን ሁሉ ከደመረ በኋላ አቅሙ እንደማይበቃ ያያል። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። እርሱ ግን ጎረቤትን አስቦ አይቆምም። ዕቁቡን አስቀድሞ ለመውሰድ ይለምናል፤ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀመውን ያወጣል። ይህም ሳይበቃ ሲቀር፥ የባንክ መግለጫው ሞልቶ እንዲታይ ወደ ታላቅ ወንድሙ ይደውላል። «ጋሼ፥ ለአንድ ወር ብቻ በስሜ ይቀመጥልኝ፤ ወረቀቱ እንደ ወጣ እመልስልዎታለሁ» ይላል። ልጅቱ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣ ትሰማለች። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በሌላ ቀን ይኸው አባት ልጁ የቤት ሥራዋን ከጓደኛዋ ገልብጣ ብትገኝ ይቈጣታል። ልጅቱ የትኛውን አባት ትመን? የሚቈጣውን ነው ወይስ በስልክ የሚማከረውን? የተበደረውን ገንዘብ የራስ አስመስሎ ማቅረብና የሌላውን ጽሑፍ የራስ አስመስሎ ማቅረብ አንድ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ክፉ ትምህርት ንቀት ነው። ወላጆች በዝግጅታቸው ወራት «ንጹሕ አገር ልታዩ ነው፤ እውነተኛ ከተማ ልታዩ ነው» እያሉ በልጆች ፊት ሲነጋገሩ፥ ልጆቹ ያሉበት ስፍራ የማይረባ መሆኑን ይደመድማሉ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚባለው ይህ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ፍለጋ ከሩቅ አገር መጥተው የሠለጠኑት እዚሁ ኮልፌ፥ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሲበሩም አብራሪው ጥቁር ሰው መሆኑን አይተው እንደ ደነገጡ፥ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ ተርከዋል። እርሳቸው አህጉር አቋርጠው የመጡበትን ሠፈር የኮልፌ ልጅ በየቀኑ በታክሲ ያልፍበታል፤ የሚነግረው ሰው ግን የለም።

ከኮልፌ ወደ ምዕራብ የሚወጣውን የአምቦ መንገድ ተመልከቱ። መጀመሪያ አዲስ አበባን ውኃ የሚያጠጣው የገፈርሳ ግድብ አለ፤ በዳርቻው ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታያል። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባን ጥድ፥ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ ጉሬዛም ድኩላም በውስጡ አለ። ከዚያ አልፎ አዲስ ዓለም ነው። ዐፄ ምኒልክ የአዲስ አበባ ማገዶ ቢያልቅባቸው፥ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ነገር ግን ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ችግሩን አቃለለና አሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ቤት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ ዛፍ የአንድን ከተማ ዕድል እንደ ለወጠ ማወቅ ለስምንት ዓመት ልጅ ትንሽ ትምህርት ነውን? የወንጪም ሐይቅ፥ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛው፥ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው።

«ታዲያ ኤውሮፓ ለፈረንጅ ልጅ ብቻ ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ማየት ዕውቀት ነው፤ በሩን በወረቀት ብዛት ማጥበብም የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም። ነገር ግን የጉዞ ዋጋ የሚለካው ተጓዡ ይዞት በሚመለሰው ነገር ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምንና የኤውሮፓን ከተሞች በጎበኙ ጊዜ፥ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጥተው የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙባቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ፥ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈው ያዩትን ላላየው አካፈሉ። የኛ አባወራ ይዞ የሚመለሰው ፎቶግራፍና ዕዳ ከሆነ፥ ለልጆቹ ያተረፈላቸው ምንድን ነው?

ደግሞም ልንመስላቸው የምንሻቸው ኤውሮፓውያን ራሳቸው እንዴት እንደ ጀመሩ እንመልከት። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1936 በወጣ ሕግ ሠራተኛ ሁሉ በዓመት ሁለት ሳምንት ደመወዝ ሳይቀነስበት እንዲያርፍ ተፈቀደለት፤ የባቡርም ዋጋ ተቀነሰለት። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱት ወደ ገዛ አገራቸው ባሕር ዳርቻ ነበር፤ ከዚያ በፊት ባሕሩን አይተው የማያውቁም ነበሩ። በኛም አገር በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፥ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይገባዋል። ይህን ዕረፍት ስንቱ አባት ከልጆቹ ጋር አሳለፈው? ስንቱስ በጉዳይ ማስፈጸሚያና በለቅሶ ቤት ጨረሰው?

ስለዚህ ነገ ወላጅ የምትሆኑ ወጣቶች ሆይ፥ ዝግጅቱን ከቅርቡ ጀምሩ። ከክረምቱ ጭቃ በኋላ፥ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ወራት፥ ወይም በመንፈቅ ዓመት ዕረፍት፥ የመንገዱን ደኅንነት ጠይቃችሁ፥ ስንቃችሁን ቋጥራችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ገንዘቡ በሙዳይ ሲጠራቀም ልጆቹ ይቁጠሩት፤ ስንት እንደ ጎደለም ይወቁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ስጡት፤ ከመሄዱ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጻፍ፥ ሲመለስም መልሱን ለአያቱ ያንብብላቸው። እንዲህ ያደገ ልጅ አንድ ቀን ፓሪስ ቢደርስ የሚጠይቀውንና የሚያነጻጽረውን ያውቃል፤ ስለ አገሩ ቢጠይቁትም አፉ አይያዝም።

ከዕዳ ነጻ የሆነ፥ የተረፈውም ሰው ኤውሮፓ ይሂድ፤ እውነተኛውን ወረቀት አቅርቦ በሰላም ይመለስ። ያልተረፈው ግን በልጆቹ ስም ራሱን አያስጊጥ። ልጅ ወደ ኋላ ዘወር ብሎ ሲያስብ ትዝ የሚለው የግንቡ ቁመት አይደለም፤ አባቱ በዚያ ቀን እጁን ይዞ መሄዱና ለጥያቄው መልስ መስጠቱ ነው። ይህንም ለማድረግ ቪዛ አያስፈልግም።