ጎሚኒዋ ሳትታይ ደብዳቤው ተጻፈ



ይህችን አስተያየቴን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ነገሩ ስለ አንዲት የጎማ ቁራጭ ቢሆንም፥ የመሥሪያ ቤት ሰው የሆነውን አንባቢ ሁሉ የሚመለከት ይመስለኛል።

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት የምሠራ፥ የሠራተኞች ክበባችንም የኮሚቴ አባል ነኝ። ክበባችን አንዲት የመዋኛ ገንዳ አለችው። በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር የገንዳዋ ውሃ ከቀን ወደ ቀን እየጎደለ ሄደና ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንዱ ፀሐይ ነው የሚመጠው አለ፤ ሌላው ሴራሚኩ ስለ ተሰነጠቀ ገንዳው ፈርሶ ይሠራ ብሎ አሳሰበ። በመጨረሻ ግን፥ እንደ ልማዳችን፥ ነገሩ በገንዳው ጠባቂ ላይ ወደቀና «በሥራው ቸልተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት። ቁጥር ሰጥቼ ከግል ማኅደሩ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ጠባቂው ወጣት ነው። ደብዳቤውን በፈረመ ማግስት ከፓምፑ ቤት ጀርባ ወሰደኝና፥ «ጋሼ፥ በዚህ በጋ ይኸ ሣር ከየት ጠጥቶ ለመለመ?» አለኝ። ባየው ጊዜ፥ የማጣሪያው እጣቢ ብቻ ሊወጣበት የሚገባው ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ደቅነን ሰዓት ያዝን፤ በሃያ ደቂቃ ሞላ። ፓምፑ በቀን ዐሥር ሰዓት ስለሚሠራ፥ በየቀኑ 600 ሊትር፥ ማለት 30 ጀሪካን፥ የተጣራና ክሎሪን የገባበት ውሃ ወደ ቦይ ይሄዳል ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ባለቤቴ ሌሊት ተነሥታ የምትሞላው ጀሪካን ስድስት ብቻ ነው።

የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ነገሩ እንዲህ ነው። የገንዳ ውሃ የሚጣራው አሸዋ በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ አልፎ ነው። በበርሜሉ ላይ እጀታ ያለው ቫልቭ አለ። እጀታው ወደ ማጣሪያ ሲዞር ውሃው በአሸዋው አልፎ ወደ ገንዳው ይመለሳል፤ ወደ ማጠቢያ ሲዞር ግን ከታች ወደ ላይ ተገልብጦ አሸዋውን ያጥብና ቆሻሻውን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። እነዚህን መንገዶች የምትለያየው በቫልቩ ሆድ ውስጥ ያለች፥ እንደ ጋሪ እግር ከመካከል ወደ ዳር የተዘረጉ ክንዶች ያሏት ጎሚኒ ናት። እርስዋ ካረጀች፥ ወይም አሸዋ ከሥርዋ ከገባ፥ እጀታው በማጣሪያው ላይ እያለ ውሃው ሾልኮ በእጣቢው ቧንቧ ይወጣል።

«ፓምፑ ሳይጠፋ እጀታው ከዞረም ግፊቱ ከቦታዋ ያነሣታል» ሲለኝ ፊቴ ጋለ። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ፥ ልጁ በፈቃድ ላይ ሳለ፥ የግፊት መለኪያው ከፍ ብሎ አይቼ አሸዋው ይታጠብ ብዬ እጀታውን ያዞርሁ እኔ ነኝ። ፓምፑን አላጠፋሁም። ማንም አላየኝም።

ጎሚኒዋን ለመግዛት ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አምጡ ተባልን። ለአንዲት ላስቲክ ፕሮፎርማ የሚጽፍ ነጋዴ ከየት ይመጣል? እንዲያውም አንዱ ቫልቩን በሙሉ ካልገዛችሁ አለን። በዚህ መካከል ሰባት ሳምንት አለፈ፤ በእኔ ሂሳብ 29,400 ሊትር ሄደ። በመጨረሻ ከኪሴ ገዛሁ።

ሥራው የአንድ ረፋድ ሥራ ነበር። ልጁ ፓምፑን አጥፍቶ፥ የገንዳውን መስመር ዘግቶ፥ ክዳኑ በነበረበት እንዲመለስ በክዳኑና በአካሉ ላይ አንድ መሥመር አሰመረ። ብሎኖቹን ፈታ፤ አሮጌዋን አውጥቶ ቦይዋን ከአሸዋና ከአሮጌ ማጣበቂያ አጸዳ፤ አዲሲቱን አጣብቆ እስክትደርቅ አሳደራት። ለእጀታው ቀለበት የመኪና ግራሶ ላቀብለው ብል፥ ላስቲክ ያበላሻል ብሎ የሲሊኮን ቅባት ቀባ። ብሎኖቹንም በአንድ ወገን ሳይጨርስ ፊት ለፊት እያቀያየረ አጠበቀ። በማግስቱ ፓምፑ ተነሣ፤ ጀሪካኑ ባዶውን ዋለ።

እኔ የምለው፥ ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ዕቃ ክበቡ ጥቂት የእጅ ገንዘብ ቢይዝና አንዲት መለዋወጫ ጎሚኒ በግምጃ ቤት ብትቀመጥ ምን ይጎዳል? ኮሚቴውስ ስለ ፓምፑ ሲነጋገር የፓምፑን ድምፅ በየቀኑ የሚሰማውን ሰው ለምን አይጠራም? በዚያ ስብሰባ ላይ ከተገኘነው ሰባት ሰዎች ወደ ማሽኑ ቤት የገባ አንድም አልነበረም፤ እኔም ገብቼ ነበር ለማለት አልደፈርሁም።

በዚህ ሳምንት እጀታውን ያዞርሁት እኔ መሆኔን ጽፌ ለሰብሳቢው አስገብቻለሁ። ገና መልስ አላገኘሁም፤ የልጁም ማስጠንቀቂያ ከማኅደሩ አልወጣም። የመዝገቡ ሣጥን ቁልፍ በእጄ ነው፤ ነገር ግን ያለ ትእዛዝ ወረቀት ማውጣት ሌላ ጥፋት ስለሚሆን እጠብቃለሁ።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ