«ምን አነሳሳህ?» የሚለው ጥያቄ ይብቃ!

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሥዕል ዐውደ ርዕይ በተከፈተ ቁጥር የማይቀር ትዕይንት አለ። ካሜራው ይበራል። ማይኩ ሰዓሊው አገጭ ሥር ይደረጋል። ጋዜጠኛው ይጠይቃል፦ «ለዚህ ሥራ ምን አነሳሳህ?» ሰዓሊው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «ተፈጥሮ፣ ባህላችን፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ጥንካሬ…» ይላል። «ሥዕል መቼ ጀመርክ?» «ከልጅነቴ ጀምሮ ግድግዳ ላይ በከሰል እሞነጫጭር ነበር።» አለቀ። ማታ በቴሌቪዥን ሠላሳ ሰከንድ ይተላለፋል። በማግሥቱ ያንን መልስ ባለፈው ወር ሌላ ሰዓሊ ከሰጠው መልስ ለይቶ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ደግሞ የባሰ ነው። መጀመሪያ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለኤምባሲ እንግዶችና ለገዢዎች። ብዙውን ጊዜ የሚጽፈውም ሰዓሊው ሳይሆን እንግሊዝኛው የተሻለ ጓደኛው ነው። ከዚያ ጋዜጠኛው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ «በማንነትና በትዝታ መካከል የሚደረግ ድርድር» የሚል፣ በየትኛውም የአማርኛ ተናጋሪ አፍ ወጥቶ የማያውቅ ዓረፍተ ነገር ይወለዳል። አሥር ወረቀት ሰብስባችሁ የሰዓሊዎቹን ስም በእጃችሁ ብትሸፍኑ የማን የማን እንደሆነ አትለዩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የጋለሪ ወረቀት ግን አንዱንም ነገር አጥብቆ ይዞ አያውቅም።

ሰዓሊው መናገር አቅቶት ነው? አይደለም። ያው ሰው ማይኩ ከጠፋ በኋላ ቡና ላይ ቢገኝ ሌላ ሰው ነው። ሸራ ሲጠፋ አቡጀዲ በኮላ ለብጦ እንደሠራ፣ ነጩ ቀለም በዓመቱ ለምን እንደበለዘበት፣ የትኛውን ሥራ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ እንደገና እንደጀመረ፣ የትኛውን ደግሞ ለቤት ኪራይ ሲል ሳይጨርሰው እንደሸጠ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራል። ቁም ነገሩ እዚያ ነው ያለው። ግን የሚቀዳው የለም።

ይህ አገር የሥዕል ሥራን በሥራነቱ የማውራት ባህል ያልነበረው አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ስለ «መነሳሳት» ማንም ጠይቆት አያውቅም። ጨርቁ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ከሥሩ ምን እንደሚቀባ፣ ቀለሙ በምን እንደሚበጠበጥ ግን ከመምህር ወደ ተማሪ ሲተላለፍ ኖሯል። ከሁሉም የሚገርመው ገንዘቡ ነው፤ በድሮዎቹ ሥዕሎች ግርጌ ሥዕሉን ያሳለው ሰው ከነስሙ ተደፍቶ ሲሰግድ ይታያል። ከፋዩ ሥዕሉ ውስጥ አለ! የዛሬው ወረቀት ስለ «ነፍስ ጉዞ» ሲያወራ ሥራው በማን ገንዘብ፣ ለየትኛው ማመልከቻ፣ በስንት ሳምንት እንደተሠራ ትንፍሽ አይልም። ታዲያ ማን ነው ይበልጥ ግልጽ የነበረው?

የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወቶች ስፋታቸው 150 ካሬ ሜትር ነው። አዳራሹ በ1961 (እ.ኤ.አ.) ተመርቆ፣ በቅርቡ ከፍተኛ እድሳት ተደርጎለት በ2024 እንደገና ተከፍቷል። መስታወቶቹም ታድሰዋል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያድስ ባለሙያ «አፈወርቅን ምን አነሳሳው?» ብሎ አይጀምርም። የመስታወቱን ዓይነት፣ ቁርጥራጩን የያዘውን እርሳስ፣ የቀለሙን አጣጣል ነው የሚፈልገው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሣሉት ሸራዎች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲላጡ የሚያድሳቸው ሰው ምን ይዞ ይነሳል? «ባህላችን አነሳሳኝ» የሚል የቪዲዮ ቅጂ?

ዝምታው ሲሆን ሌላው ያወራል። ኤልያስ ስሜን ውሰዱ። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ መካኒሳ ላይ ዞማ ሙዚየምን ከጭቃና ከጭድ ያቆመ ሰው ነው። በዓለም የታወቀው በሽቦ፣ በሰርኪት ቦርድና በኪቦርድ ቁልፍ በሠራቸው ግዙፍ ሰሌዳዎች ነው፤ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርዕይ ላይ ቀርቧል። የውጭ ጸሐፊ ሲያየው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣለት «ቆሻሻ» የሚል ቃል ነው። አፍሪካዊ ቆሻሻ ለቅሞ ውበት ሠራ! ያልተለመደ ታሪክ አይደለም፤ እነሱ የሚወዱት ታሪክ ነው።

የአሠራሩ ሂደት ግን ይህን ታሪክ ያፈርሰዋል። ዕቃው ከገንዳ የተለቀመ ሳይሆን መርካቶ ምናለሽ ተራ ተፈትቶ፣ ተለይቶ፣ ዋጋ ተቆርጦለት የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ «ቆሻሻ» የሚባል ነገር የለም፣ ገና ገዢ ያላገኘ ዕቃ እንጂ። ሽቦው በቀለም አይቀባም፤ ቀዩም ሰማያዊውም የራሱ ልባስ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ቀለም የሚበቃ ያህል እስኪጠራቀም መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ ይጎነጎናል፣ ሰሌዳው ላይ ይመታል፤ ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የታየ መሬት ይመስላል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የሚያየው ስለ ቆሻሻ የተሰበከ ስብከት አይደለም። ንግድን፣ የሰው እጅን፣ ትዕግሥትን ያያል። ልዩነቱ ትንሽ ነው? ሥራው ምን እንደሆነ የሚወስነው እኮ ይኸው ነው።

የሚናገሩም አሉ፤ እነሱን አለማመስገን ንፉግነት ነው። አይዳ ሙሉነህ ፎቶዎቿን ከማንሳቷ በፊት በእርሳስ እንደምትነድፋቸው ደጋግማ ተናግራለች። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው ስለ ውኃ የሚያወራው ተከታታይ ሥራዋ ዳሎል ላይ መነሳቱን፣ ያሠራትም ዎተር ኤይድ መሆኑን የደበቀ የለም። ከፋዩ ታወቀና ሥራው ቀለለ? አልቀለለም። እንዲያውም ተመልካቹ ሰውነት ላይ የተቀባውን ቀለም፣ የተሰፋውን ልብስ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ የቆመችውን ሴት አንድ በአንድ እንዲያይ አደረገው።

ጁሊ ምሕረቱም እንዲሁ። የሕንፃ ንድፎችን ሸራ ላይ እያስተላለፈች፣ በላያቸው ግልጽ አክሪሊክ እየደረበች፣ እየሞረደች፣ እንደገና በቀለም እየሣለች እንደምትሠራ፣ በኋላም የዜና ፎቶዎችን በኮምፒውተር አደብዝዛ ከሥር እንደምታኖር በየቃለ መጠይቁ ታብራራለች። ለኒው ዮርኩ የጎልድማን ሳክስ ሕንፃ በ2009 የጨረሰችው፣ ወርዱ 24 ሜትር የሚደርሰው ሥራ ውሉ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አብዛኛው ገንዘብ ለረዳቶች ክፍያና ለሥራው ወጪ እንደዋለ በአደባባይ ተነግሯል። በ2023 አንድ ሥራዋ ሶዝቢስ ጨረታ ላይ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ግን እዚህ አገር ገጾች ላይ የተዘዋወረው ቁጥሩ ብቻ ነበር። «ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ታሪክ ሠራች!» እንዴት ሠራች? በምን ሠራች? እሱን የሚጠይቅ ጠፋ። የብሩ ምንዛሪ ግን በደቂቃ ውስጥ ተሰልቶ ነበር፤ ለዚያ ሰነፍ አልነበረም።

«ሰዓሊ ሥራው ይናገርለት፣ እሱ ምን አስወራው?» የሚሉ አሉ። ይህ የተከበረ አቋም ነው፤ ዝም ማለት መብት ነው። ሆኖም ዝም ያለ ሰዓሊ የለም። ሁሉም እያወራ ነው፤ ችግሩ የሚያወራው የተሰጠውን መሆኑ ነው። የውጭ የሥራ ቆይታ ወይም ድጋፍ የሚፈልግ ወጣት ሦስት መቶ ቃል በእንግሊዝኛ ጻፍ ይባላል። ስደት፣ ማንነት፣ ትዝታ የሚሉት ቃላት እንደሚያልፉ ከቀደሙት ሰምቷል፤ ይጽፋቸዋል፤ ያልፋል። ከዚያ ለማመልከቻው ሲል የጻፈውን ለመምሰል መሣል ይጀምራል። ወረቀቱ ሸራውን ያዘዋል ማለት ነው። በዚህ ወጣቱን መውቀስ ግፍ ነው፤ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ገምጋሚዎችና ማይክ የያዝነው ባዮች ናቸው ያስለመዱት።

ምስል በአንድ መስመር ትእዛዝ ከስልክ ላይ በሚወጣበት በዚህ ዘመን ጉዳዩ ይከብዳል። «የኢትዮጵያ ሴቶች ጥንካሬ» የሚለውን ቃል ማሽኑም ተቀብሎ በአሥር ሰከንድ ነጠላ የለበሰች ሴት ይሰጣል። አቡጀዲውን በኮላ የለበጠው፣ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ የጀመረው ሰው ከዚያ ማሽን የሚለይበት ነገር ሂደቱ ነው። እሱኑ ደብቆ የጋራውን ቃል ከደገመ፣ ገዢው በምን ይለየው?

ገብረክርስቶስ ደስታ በኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ፣ እዚሁ አስተምሮ፣ በ1981 (እ.ኤ.አ.) በስደት አሜሪካ ውስጥ ሞተ። ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። ግጥሞቹ ታትመዋል፤ ብዙ ሰው በቃሉ ይዟቸዋል። የአገሩን ናፍቆት በምን ቃል እንደገለጸ የሚያውቀው ያ ሁሉ ሰው፣ ቀዩን ከምን ጋር እንደሚቀላቅለው ቢጠየቅ መልስ የለውም። ያንን ሊናገሩ የሚችሉት አጠገቡ ቆመው ቡርሽ ያጠቡ ተማሪዎቹ ናቸው። ዛሬ ሽማግሌዎች ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ ዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ የኋላ ወንበር ይዘው ይታያሉ። ማይኩ በፊታቸው አልፎ ይሄዳል።