ከተማ ሲሰፋ ማን ይጠባል?

አጼ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ፣ በኋላ ጋምቤላ ላይ ለተተከለው የንግድ ጣቢያ የፈቀዱት የባሮ ዳርቻ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ በወረቀት አስፍረዋል። ለባዕድ በሜትር የለካን ሰዎች የገዛ ገበሬያችን ተራ ሲደርስ ሜትሩ የት ይገባል?

ልብ በሉ፣ ጋምቤላ አትስፋ አላልኩም። ነገር ግን የባሮ ውሃ ሲሸሽ አኙዋኩ በቆሎ የሚዘራበት ዳርቻ «ባዶ መሬት» አይደለም። ካሳ ሰብሉን ይቆጥራል፤ በየዓመቱ ደለል ይዞ የሚመጣውን ወንዝ ግን ማን ይከፍለዋል?

ባለመሬቱን ሳይጠይቁ መስፋት የሚያመጣውን ጣጣ አዲስ አበባ አሳይታናለች። ማስተር ፕላኗ ስንት ደም ካፈሰሰ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ታዲያ ጋምቤላ ላይ ካርታው ከመነሳቱ በፊት ባለመሬቱ ይጠየቅ እላለሁ። እምቢ ካለም እምቢታው ይከበር!