ባዶ እግር ጠባይ ነው ወይስ ችግር?

“በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሰው ጠባዩ የተለየ ነው” የሚሉ አሉ። ግትር ነው፣ ይሉኝታ የለውም፣ አዲስ ነገር አይፈራም፣ ከተፈጥሮ ጋር የታረቀ ነው... ምን ያልተባለ አለ! ምስክር አድርገው የሚጠሩት ደግሞ ማንን መሰላችሁ? የኛኑ አበበ ቢቂላን!

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው ወታደር የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ፣ ብዙው ዓለም “ጫማ የማያውቅ ምስኪን” አድርጎ ነው ያወራለት። ሐሰት ነው! ጫማ ቀርቦለት ነበር፤ ለካው፣ አልተመቸውም። ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ሲለማመድ ደግሞ በባዶ እግር መሮጡን ለምዶታል። እግር ከሚልጥ አዲስ ጫማ የለመደ ውስጥ እግር ይሻለኛል ብሎ ቆረጠ። ይኼ ሒሳብ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ጠባዩን ማወቅ የፈለገ እግሩን ትቶ ትዕግሥቱን ይይ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሮጦ ሮጦ፣ ጥሎት የሄደው መጨረሻው ሲቃረብ፣ ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ ነው።

በ1953 ዓ.ም. ኦሳካ ላይ የሚስማማው ጫማ ሲገኝ ግን አደረገ፤ አሸነፈም። ጠባይ እንደ ጫማ ይወልቃል እንዴ?

ፈረንጆቹ በበኩላቸው በ2002 ዓ.ም. አዲስ ወሬ አገኙ። የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ፣ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች በአብዛኛው በተረከዛቸው ሳይሆን በፊተኛው እግራቸው እንደሚያርፉ “ኔቸር” መጽሔት ላይ ጻፉ። ጥናቱ ደህና ነው። ነጋዴው ግን ይተኛል? ጣት ያለው፣ እንደ ጓንት የሚጠለቅ ጫማ በውድ ዋጋ ቸበቸበ። ባዶ እግርን በብር መግዛት! ቪብራም የተባለው ኩባንያ ያልተረጋገጠ የጤና ጥቅም አስተዋውቀሃል ተብሎ ተከሶ፣ በ2006 ዓ.ም. 3.75 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመታረቅ ተስማማ።

እሺ፣ እነሱ ይምረጡ፤ ጫማው ቤታቸው ተደርድሯል። የጎጃምና የወላይታ ገበሬ ልጅ ግን ምኑን ይመርጣል? በቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሙሉ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ የአፈሩ ብናኝ በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፣ ሕዝቡ ዝሆኔ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ይዟል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ቢሆንም ታማሚውን ጎረቤት ይሸሸዋል፣ ልጁን የሚያገባ ይጠፋል። መከላከያው ምን መሰላችሁ? ጫማና የእግር መታጠቢያ ውሃ! አንድ ኮንጎ ጫማ! ታዲያ ያንን ልጅ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ፎቶ አንስቶ “የአበበ መንፈስ” የሚል ጽሑፍ ከሥሩ መለጠፍ ነውር አይደለም?

አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጎ የራሱን የሮም ሰዓት በ3 ደቂቃ አሻሻለ። ያንን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሻይ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም።