ብርቱካኑን ማን ይላጠው?

ሐበሻ ሕመምተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። ሙዝም ይይዛል፣ ጁስም ይይዛል፤ ብርቱካን ግን እንደ ደንብ ነው። ስሙ በዐረብኛ በኩል ከፖርቱጋል የመጣ ፍሬ ቢሆንም ለጥየቃ የራሳችን አድርገነዋል። ከዚያስ? «እግዜር ይማርህ» እንላለን፣ ብርቱካኑን ኮመዲኖ ላይ እናስቀምጣለን፣ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ አውርተን እንወጣለን። በማግስቱ ሌላ ጠያቂ ሌላ ኪሎ ይጨምርበታል። በሳምንቱ ኮመዲኖው አትክልት ተራን ያክላል። የሚበላው ግን የለም!

እስቲ እንጠይቅ፤ አንድ እጁ ላይ ግሉኮስ የተሰካበት ሰው ብርቱካን በምኑ ይልጣል? በጥርሱ? «አስታማሚዋ አለች አይደል?» የሚል አይጠፋም። አስታማሚዋ እኮ ሌሊቱን ወንበር ላይ ያደረች፣ ቀን ደግሞ የታዘዘ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የምትዞር ሰው ናት። ስለዚህ የእኛ አቋም አጭር ነው፤ ብርቱካን ያመጣ ሰው ቢያንስ አንዱን ልጦ ሳያቀርብ ከመቀመጫው አይነሳ።

ለምን እንደማንልጥ እናውቃለን። ደግነት ጎድሎን አይደለም፣ መዝረክረኩን ፈርተን ነው። ጭማቂው አንሶላ ላይ ይንጠባጠባል፣ እጅ ይጣበቃል፣ ውሃው ደግሞ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው (ካለ!)። ጥፋቱ ግን የብርቱካኑ ሳይሆን የአላላጣችን ነው። ጥፍራችንን ሥጋው ድረስ ሰክተን እንቦጫጭቀዋለን፣ ከዚያ «ይሄ ብርቱካን ውሃው በዛ» እንላለን።

ብርቱካን ሁለት ልብስ አለው። የውጪው ባለ ቀለም ቆዳ በጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች የተሞላ ነው። ስንልጥ ብን ብሎ ዓይን የሚያቃጥለው ይህ ዘይት ነው፤ ልጆች ሳለን ልጣጩን ጓደኛችን ዓይን ላይ የምንጨምቀው ለዚሁ ነበር። ከሥሩ ነጭ፣ ስፖንጅ መሳይ ሽፋን አለ። ዘዴው ሁሉ ይህን ነጩን ሳያልፉ መላጥ ነው። ሥጋው ካልተነካ ጠብታ የለም።

መጀመሪያ ፍሬው ይታጠብ፤ አለዚያ ቢላው የውጪውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ቀስ አድርጎ ማንከባለል ልጣጩን ያላላዋል። ከዚያ እንደ ዕቃው ነው፤

ቢላ ከሌለ ማንኪያ ይበቃል፤ ማንኪያ የሌለበት ኮመዲኖ ደግሞ አላየንም። አናቱ ላይ በጥፍር ትንሽ ይከፈትና የማንኪያው ጎድጓዳ በኩል ወደ ፍሬው ዞሮ በልጣጩ ሥር ይገባል። ማንኪያው የፍሬውን ክብነት እየተከተለ ሲዞር ልጣጩ በትልልቁ ይነሳል።

ቢላ ካለ ከአናት እስከ ሥር አራት ወይም ስድስት መስመር፣ በልጣጩ ውፍረት ልክ ብቻ፣ ይሰመርና ከላይ ወደ ታች ይሳባል። መንደሪን ወይም ልጣጩ የላላ ብርቱካን ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፤ አናቱንና ሥሩን በስሱ መቁረጥ፣ ጎኑን አንድ ጊዜ እስከ መሃሉ መሰንጠቅና እንደ መጽሐፍ መዘርጋት። ፍሬው ተሰልፎ ይቀርባል፤ በአንድ እጅ እንኳ ይበላል።

ሁለት ማሳሰቢያ። ሲልጡ ከሕመምተኛው ፊት ዞር ይበሉ፤ ማቅለሽለሽ ላለበት ሰው ሽታው ሊከብደው ይችላል። ከዚያም በፊት «ይፈቀድለታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ብርቱካን ፖታሲየም ስላለው አንዳንድ የኩላሊት ሕሙማን ይከለከላሉ። ልጣጩ ደግሞ በሶፍት ተጠቅልሎ ከእርስዎ ጋር ይውጣ፤ አልጋ ሥር አይቅር።

«ጁስ ገዝቶ መገላገል አይሻልም?» ለሚሉን፣ ማኘክ ለተሳነው አዎ ይሻላል። ለሌላው ግን ፍሬውን ከነአሰሩ መብላት ይበልጣል፤ ጁስ ደግሞ አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰበብ አይሆንም። ብርቱካን የሚልጥ ሰው አምስት ደቂቃ ይቀመጣል። በዚያች አምስት ደቂቃ እጁ ሥራ ስለያዘ ወሬ ፍለጋ አይጨነቅም፣ ሰዓቱንም አያይም። ብዙ ሕመምተኛ የናፈቀው ይህችን አምስት ደቂቃ ይመስለናል።

እኛ እኮ ለጤነኛው ሰው ጠቅልለን የምናጎርስ ሕዝብ ነን። ጠግቤያለሁ ያለውን እንግዳ «በሞቴ» ብለን ሁለተኛ የምናጎርስ ሰዎች፣ እጁን ማንሳት ላቃተው ወንድማችን ያልተላጠ ፍሬ አስቀምጠን መውጣታችን አያምርብንም። በተለይ ወንዶቻችን፣ «ይሄ የሴቶች ሥራ ነው» የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም። ማንኪያ ፆታ የለውም።

ሕሙማንን ይማርልን። ጠያቂዎችንም እጅ ይስጠን!